ሞተሩ ይዞራል፤ አይነሳም
በአርሲ ደጋ አንድ አሮጌ የጭነት መኪና ሦስት ቀን ያቆመው ችግርና ያስገኘው ትምህርት

ጊዜው ታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ሲሆን ሰዓቱ ከሌሊቱ 11 ነው። በበቆጂ አካባቢ ደጋ ላይ ውርጭ ሣሩን አመድ አስመስሎታል። በአንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማህበር መጋዘን በር ላይ 70 ኩንታል የቢራ ገብስ የተሸከመ አሮጌ የጭነት መኪና ቆሟል። ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ድረስ የተከናነቡ አባላት ዙሪያውን ከበው በዝምታ ያዳምጣሉ። ሾፌሩ ቁልፉን ሲያዞር ሞተሪኖው እያጓራ ሞተሩን ያዞረዋል። ጥቂት ይቆይና ያቋርጣል። እንደገና ያዞረዋል። ሞተሩ ግን አይነሳም።

«ይኸው ሦስተኛ ጧታችን ነው» አሉኝ አጠገቤ የቆሙ አንዲት እናት። «ሲዞር ስንሰማ ተነሳ እንላለን። እሱ ተስፋ ይሰጠንና ዝም ይላል።»

የዚህ ጽሁፍ አቅራቢ ወደዚያ የሄደው ስለ ሞተር ለመጻፍ አልነበረም። የጉዞው ዓላማ አባላቱ የቢራ ገብሳቸውን እንዴት አድርቀውና አበጥረው ለገበያ እንደሚያቀርቡ ለመመልከት ነበር። ይሁን እንጂ ገበሬው አርሶ፣ አርሞ፣ አጭዶና ወቅቶ ያገኘው ምርት በአንድ የማይነሳ ሞተር ምክንያት ከመጋዘን በር ሳይወጣ ሲቀር ማየት ራሱን የቻለ የገጠር ልማት ጉዳይ ሆኖ ተገኘ።

በቆጂ ከባህር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ በዓለም አደባባይ በሯጮቿ የታወቀች ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያለው ደጋ ደግሞ ለገብስ የተመቸ ነው። የቢራ ገብስ የሚያመርቱት ገበሬዎች ምርታቸውን የሚያደርሱት የብቅል ፋብሪካ ወዳለባት አሰላ ሲሆን፣ መንገዱ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። ማህበሩ በገባው ውል መሠረት ይህ ጭነት እስከ ቅዳሜ ማታ ድረስ መድረስ ነበረበት። ዕለቱ ግን ዓርብ ነው። ሌላ መኪና ለመከራየት የተጠየቀው ገንዘብ አባላቱ ከዚህ ጭነት አገኛለሁ ብለው ተስፋ ያደረጉትን ትርፍ የሚበላ ሆነ። ከዚህም ሌላ በስልክ የተማከረ አንድ ባለሙያ መኪናውን ሳያይ «ፖምፓው አልቆለታል፤ ይውረድና ይታደስ» በማለቱ፣ ሊቀ መንበሩ አባላቱን ለስብሰባ ጠርተዋል። አጀንዳው ፖምፓው ይታደስ ወይስ መኪናው ይሸጥ የሚል ነበር።

መኪናው በሾፌሮች አነጋገር «ኤንትሬ» የሚባለው ፊያት 682 ነው። የዚህ ዓይነቱ መኪና መመረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። ከእሱ በፊትም ጣልያን አገራችንን ወርሮ በቆየባቸው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት «ትሬንታ ኳትሮ» የተባለው ፊያት 634 በመንገዶቻችን ላይ ይመላለስ ነበር። መካኒኮቻችን እስከ ዛሬ ሞተሪኖ፣ ፊልትሮ፣ ፖምፓ፣ ካንዴላ፣ ቴስታታ እያሉ የሚጠሩትም ቋንቋው ከመኪናው ጋር አብሮ ስለ መጣ ነው። እንዲህ ያሉ መኪናዎች ኮምፒዩተር የላቸውም። ችግራቸውን በዓይን፣ በጆሮ፣ በአፍንጫና በእጅ ማግኘት ይቻላል። ይህ ግን የሚሆነው በትዕግሥትና በተራ ለሚመረምር ሰው ብቻ ነው።

መጀመሪያ ቁልፉን አውጡ

ከጧቱ 2 ሰዓት ላይ አንድ አዛውንት መካኒክ በባጃጅ መጡ። በ1970ዎቹ ዓመታት በመንግሥት እርሻ የትራክተር ጋራዥ ውስጥ እንደ ሠሩና አሁን ጡረተኛ እንደሆኑ ተነገረኝ። በእጃቸው ጥቂት ቁልፎች፣ አንድ ካቻቢቴ፣ ንጹህ ጨርቅና ባዶ የመስታወት ጠርሙስ የያዘ ትንሽ ከረጢት ነበር። ወደ መኪናው ሲቀርቡ የተናገሩት የመጀመሪያ ቃል «ቁልፉን አውጣው፣ ልጄ» የሚል ነው።

«ሦስት ቀን ሙሉ ስታዞር ባትሪውን ገደልከው፤ ሞተሪኖውንም ልታቃጥለው ነው» አሉ ሾፌሩን። «አንድ ጊዜ ማዞር ከ10 ሰከንድ፣ ቢበዛ ከ15 አይበልጥም። ከዚያ ሁለት ደቂቃ ይረፍ። በሦስተኛው ካልነሳ ማዞሩን ትተህ ምክንያቱን ፈልግ።»

ቀጥለው ሐኪም በሽተኛውን እንደሚጠይቅ ይጠይቁ ጀመር። በመጨረሻ በደህና የተነሳው መቼ ነው? ሲቆም በድንገት ጠፋ ወይስ እየተንገጫገጨ? ከመቆሙ በፊት የተፈታ፣ የተቀየረ፣ የተነካ ነገር አለ?

ሾፌሩ ከሰኞ ወዲህ ጧት ጧት እያስቸገረ መምጣቱን፣ ረቡዕ ጨርሶ እምቢ ማለቱን ተናገረ። ለመጨረሻው ጥያቄ «ምንም የተነካ ነገር የለም፣ ጋሼ» ብሎ መለሰ። መካኒኩ ፊቱን ጥቂት አዩትና አለፉት።

አራት ነገሮች

የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም። ሩዶልፍ ዲዝል የተባለው ጀርመናዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1897 በሥራ ላይ ባዋለው ዘዴ መሠረት፣ ሞተሩ አየርን ብቻ ወደ ሲሊንደር ያስገባና እጅግ አጥብቆ ያምቀዋል። የታመቀው አየር ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይግላል። በዚያ የጋለ አየር ላይ ናፍጣ እንደ ጉም ሆኖ ሲረጭ ያለ እሳት ይቀጣጠላል። ብስክሌት ጎማ የነፋ ሰው የመንፊያው ጫፍ ሲሞቅ አይቷል፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ስለዚህ አንድ ጤነኛ የናፍጣ ሞተር እንዲነሳ አራት ነገሮች ብቻ ያስፈልጉታል። እነዚህም በቂ የመዞር ፍጥነት፣ አየር፣ እምቅታና በጊዜው የሚረጭ ንጹህ ናፍጣ ናቸው። አራቱም ካሉ የማይነሳበት ምክንያት የለም። ካልተነሳ ከአራቱ አንዱ ጎድሏል ማለት ነው። የመካኒኩ ሥራም የጎደለው የትኛው እንደሆነ፣ ከቀላሉና ወጪ ከሌለው ምርመራ ጀምሮ ወደ ከባዱ እየሄዱ መለየት ነው።

በመጀመሪያ የታየው ፍጥነት ነው። ሞተሩ እንዲነሳ በደቂቃ ከ100 እስከ 200 ዙር ያህል መዞር አለበት። ቀስ ብሎ ከዞረ እምቅታው አየሩን ሳያግለው ሙቀቱ በብረቱ በኩል ያመልጣል። መካኒኩ የባትሪዎቹን ጫፎች ፈትተው በእነሱ ላይ የተጋገረውን ነጭ ዱቄት በሙቅ ውኃ አጠቡ፣ ፋቁ፣ አጥብቀው መልሰው አሰሩ። ወደ ሻሲው የሚሄደውን የመሬት ሽቦ ጫፍም እንዲሁ አጸዱ። ባትሪዎቹ ደክመው ስለነበር ከአንድ ጎረቤት ትራክተር ሁለት የተሞሉ ባትሪዎች በውሰት መጡ። አንድ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሙሉ ሆኖ ሲያርፍ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል። ሞተሪኖው ሲያዞር ከ10 ቮልት በታች የሚወርድ ከሆነ ግን ባትሪው ወይም ማሰሪያው ተጠርጣሪ ነው።

ጭሱ ምን ይላል?

«አሁን አንድ ጊዜ ብቻ፣ 10 ሰከንድ አዙር» አሉ መካኒኩ። ራሳቸው ግን ሞተሩን አላዩም፤ ወደ ጭስ ማውጫው ሄደው ቆሙ። ሞተሩ በደህና ፍጥነት ዞረ። ከጭስ ማውጫው የወጣ አንዳች ነገር የለም።

የዚህ ጽሁፍ አቅራቢ ምን እንዳዩ ሲጠይቃቸው የሰጡት መልስ ለማንኛውም ሾፌር የሚጠቅም ነው። ሞተሩ እየዞረ ጭስ ፈጽሞ ካልወጣ ናፍጣ ወደ ሲሊንደር አይደርስም ማለት ነው። የናፍጣ ሽታ ያለው ነጭ ጭስ ከወጣ ናፍጣው ይደርሳል፣ ነገር ግን አይቀጣጠልም። በዚህ ጊዜ ብርድ፣ የደከመ እምቅታ፣ የተዛባ የመርጨት ጊዜ ወይም በደንብ የማይረጭ ኖዝል ይጠረጠራል። ጥቁር ጭስ ከሆነ ደግሞ ናፍጣው በዝቷል ወይም አየሩ አንሷል፤ የአየር ፊልትሮ ይታይ።

«እንግዲህ ጭስ የለም» አሉ። «ስለዚህ ቴስታታ መፍታት የለም፤ እምቅታ መለካትም ለጊዜው የለም። ናፍጣው የት ላይ እንደቀረ እግር በእግር እንከተለው።»

በመጀመሪያ የሞተር ማጥፊያው ታየ። በአሮጌ መኪናዎች ማጥፊያው የሚሳብ ሽቦ ነው። ሽቦው ዝጎ ወይም ተጣሞ ሳይመለስ ከቀረ ፖምፓው ናፍጣ እንደ ተዘጋበት ይቀራል። ማጥፊያቸው በኤሌክትሪክ በሚሠራ መኪናዎች ላይም የተቃጠለ ፊውዝ ወይም የላላ ሽቦ ይኸንኑ ያደርጋል። ይህን ሳያዩ ፖምፓ ያወረዱ ብዙዎች ናቸው። በዚህ መኪና ላይ ግን ሽቦው ደህና ነበር።

ቀጥሎ ናፍጣው ራሱ ተለካ። መለኪያው ግማሽ ይላል። መካኒኩ ንጹህ እንጨት ወደ ታንኩ ከተቱና ሲያወጡት እርጥበቱ ከሩብ አልዘለለም። የታንኩ ክዳን አየር ማስገቢያ ቀዳዳም በጭቃ ተደፍኖ ስለነበር በእሾህ ወጉት። ይህች ቀዳዳ ከተደፈነች ናፍጣው በሚሳብበት ልክ አየር ስለማይተካ ታንኩ ናፍጣውን ይዞ ያስቀረዋል።

ጠርሙሱ የመጣው ለዚህ ነበር

ከፊልትሮው ሥር ያለው የቆሻሻ ማስወጫ ቡሎን ሲላላ የወረደው ፈሳሽ በመስታወት ጠርሙሱ ተቀበለ። ጥቂት ሲረጋ በሁለት ተከፈለ። ከላይ ናፍጣ፣ ከሥር ሁለት ጣት ያህል ውኃ ሆነ። ናፍጣ ከውኃ ስለሚቀልል ውኃው ምንጊዜም ከሥር ይቀመጣል። አባላቱ ጠርሙሱን እየተቀባበሉ ተመለከቱ።

ውኃው ከየት መጣ? ብዙ ጊዜ ከነጋዴው ነው ይባላል። ሊሆንም ይችላል። ነገር ግን በደጋ አገር ታንኩ ጎድሎ ካደረ፣ በባዶው ቦታ ያለው አየር ሌሊት ሲቀዘቅዝ ጤዛ ይሆንና ወደ ናፍጣው ይወርዳል። በመሆኑም ማታ ከሥራ ሲመለሱ ታንኩን ሞልቶ ማሳደር ከብዙ ጣጣ ያድናል።

ቀጥሎ በመጋቢው ፖምፓ ላይ ያለው የእጅ ፖምፓ ተሞከረ። እጀታው ያለ ምንም ተቃውሞ ይገባል፤ ይወጣል። በፊልትሮው አናት ላይ ያለው የአየር ማስወጫ ቡሎን ሲላላም የወጣው ናፍጣ ሳይሆን አረፋ ነው። ናፍጣ አይታመቅም፤ አየር ግን ይታመቃል። በመስመሩ ውስጥ አየር ካለ ፖምፓው የሚገፋው ኃይል ሁሉ አየሩን በማመቅ ያልቃል። ኖዝሉን ለመክፈት እንደ ሞተሩ ዓይነት ወደ 200 ባር ገደማ ግፊት የሚያስፈልግ ሲሆን፣ አየር በተቀላቀለበት መስመር ይህ ግፊት ከቶ አይገኝም።

አየሩን የማስወጣቱ ሥራ በሚከተለው ተራ ተከናወነ። በመጀመሪያ በፊልትሮው ላይ ያለው ቡሎን ላልቶ፣ አረፋው አልቆ ንጹህ ናፍጣ ብቻ እስኪወርድ በእጅ ፖምፓው ተገፋ። ናፍጣው እየወረደ ሳለ ቡሎኑ ጠበቀ። ሁለተኛ፣ በዋናው ፖምፓ ላይ ያለው ቡሎን ላልቶ ያው ተደገመ። ሦስተኛ፣ ወደ ኖዝሎቹ ከሚሄዱት ቀጫጭን ቱቦዎች የሁለቱ ማሰሪያ ዳዶ በግማሽ ዙር ላልቶ፣ ሞተሪኖው ለጥቂት ሰከንድ አዞረ፤ ናፍጣው ብቅ ብቅ ማለት ሲጀምር ዳዶዎቹ ጠበቁ።

እዚህ ላይ መካኒኩ ረዳቱን እጁን ያዙት። ከኖዝል ወይም ከተሰነጠቀ ቀጭን ቱቦ የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ሥጋ ውስጥ የሚገባ ኃይል ስላለው በጣት አይዳሰስም። ቀዳዳው መርፌ የወጋው መስሎ ቢታይም ወዲያውኑ ሐኪም ዘንድ የሚያስኬድ አደጋ ነው። ሲጋራም በአካባቢው አይጨስም።

ከዚህ በኋላ ሾፌሩ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ሁለት ጊዜ አስነጠሰ፤ ነጭ ጭስ ተፋ፤ ከዚያም ተነሳ። እልልታው መጋዘኑን ሞላው።

ደስታው ግን አሥር ደቂቃ አልቆየም። ሞተሩ መንገጫገጭ ጀመረ፤ ድምፁ ወረደ፤ ጠፋ።

«አሁን ነው የያዝነው»

ሊቀ መንበሩ ራሳቸውን ይዘው «በቃ፣ ፖምፓው ነው ማለት ነው። ሰውየው እውነቱን ነው» አሉ። አንዳንድ አባላት የኪራይ መኪና ይጠራ እያሉ መነጋገር ጀመሩ። አዛውንቱ ግን ፈገግ አሉ። «ወንድሜ፣ ፖምፓው ቢያልቅ ኖሮ መች ይነሳ ነበር? አየር ስናስወጣ ተነሳ፤ አየር ሲመለስ ጠፋ። አሁን ነው የያዝነው። የቀረን አየሩ የሚገባበትን በር ማግኘት ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመጋቢው ፖምፓ ወዲያ ናፍጣው ስለሚገፋ፣ ቀዳዳ ካለ ናፍጣ ወደ ውጭ ይንጠባጠባል፤ በዓይንም ይታያል። ከታንኩ እስከ መጋቢው ፖምፓ ባለው መስመር ግን ናፍጣው የሚሳብ በመሆኑ፣ ቀዳዳ ካለ ናፍጣ ወደ ውጭ ከመውጣት ይልቅ አየር ወደ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ሁሉም ነገር ደረቅና ንጹህ ይመስላል። ሌሊትም ናፍጣው በዚያ ቀዳዳ አየር እየሳበ ወደ ታንኩ ተንሸራቶ ይመለሳል። ማታ በደህና የገባ መኪና ጧት ለምን አይነሳም ለሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ መልሱ ይኸው ነው። የጧት ብርድም የደረቀውን ጎማ ይበልጥ ስለሚያጠነክረው ማሰሪያው ላይ ያለው ክፍተት ይሰፋል።

ይህን ለማረጋገጥ የተደረገው ሙከራ ወጪ አልጠየቀም። ከታንኩ የሚመጣው ቱቦ ከመጋቢው ፖምፓ ላይ ተፈታ። በምትኩ አጭር ንጹህ ቱቦ ገብቶ፣ ሌላው ጫፍ በጨርቅ የተጣራ ናፍጣ በያዘ ጀሪካን ውስጥ ተነከረ። ጀሪካኑም ከሞተሩ ከፍ ባለ ቦታ ላይ በገመድ ታስሮ ተቀመጠ። እንደገና አየር ወጣ፤ ሞተሩ ተነሳ። አሥር ደቂቃ ሆነ፤ ሃያ ሆነ፤ ግማሽ ሰዓት ሆነ። አልጠፋም።

«ፖምፓው ደህና ነው። ኖዝሎቹም ደህና ናቸው። እምቅታውም ደህና ነው» አሉ መካኒኩ በጣታቸው እየቆጠሩ። «በሽታው ከዚህ እስከ ታንኩ ባለው ሦስት ሜትር ውስጥ ነው። ሞተሩን አጥፋና ከታች እንግባ።»

ከሻሲው ሥር ተንጋለው በእጃቸው ቱቦውን እየዳሰሱ ሄዱ። ብረቱ ቱቦ አልቆ ጎማው በሚጀምርበት ቦታ ላይ ማሰሪያ ቀለበት ሳይሆን ሁለት ዙር የተጠመዘዘ የአጥር ሽቦ አገኙ። ሽቦው ጎማውን በልቶታል። ከሽቦው አጠገብም ጎማው ሲታጠፍ ብቻ የሚታይ፣ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ነበር።

መካኒኩ ከሥር ወጥተው ሽቦውን በመዳፋቸው ይዘው ቆሙ። ምንም አልተናገሩም። ሾፌሩ አንገቱን ደፋ።

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ» አለ በመጨረሻ። «በአጨዳ ሰሞን ማሳ ውስጥ ድንጋይ መታውና ቀለበቱ ተሰበረ። እህሉ ዝናብ እንዳይመታው ብዬ ለዚያች ቀን አሰርኩት። ከዚያ ረሳሁት። ረቡዕ ዕለት ትዝ ሲለኝ፣ ፖምፓ ነው ሲባል ፈራሁ።»

አባላቱ አጉረመረሙ። አንዳንዱ ደመወዙ ይቆረጥ አለ። አዛውንቱ ግን ሽቦውን ለሊቀ መንበሩ ሰጥተው እንዲህ አሉ። «በዚያን ቀን ማሰሩ ጥፋት አይደለም፤ እህል አድኗል። ጥፋቱ ሳይጻፍ መቅረቱ ነው። ይህን ልጅ ብትቀጡት የሚቀጥለው ሾፌር ጨርሶ አይነግራችሁም። ይልቅ ደብተር ግዙለት።» ከዚያም ወደ ሾፌሩ ዞረው «አንተም፣ ልጄ፣ ጧት ስጠይቅህ ብትነግረኝ ኖሮ ይኸኔ አሰላ ነበርክ» አሉት።

ከበቆጂ ገበያ ለናፍጣ የተሠራ አንድ ሜትር የጎማ ቱቦና ሁለት ማሰሪያ ቀለበት ተገዛ። የውኃ ፕላስቲክ ቱቦ ናፍጣ ሲነካው ስለሚበላሽ አይሆንም። ዋጋው ለስብሰባው ከተሰናዳው ሻይና ዳቦ ብዙም አይበልጥም ነበር። ፊልትሮው ተቀየረ፤ ከታንኩ ሥር ያለው ውኃም ወጣ። ዘይት ያለበት የአየር ፊልትሮ ሲከፈት የገብስ ገለባ ሞልቶት ስለተገኘ ታጥቦ አዲስ ዘይት ተደረገለት።

ሾፌሩ በዚያው ማታ ሊነሳ ፈልጎ ነበር። መካኒኩ ግን «ፈተናው የነገ ጧት ብርድ ነው፤ እዚህ ይፈተን እንጂ መንገድ ላይ አይፈተን» ብለው አሳደሩት። ታንኩም ሞልቶ አደረ።

ናፍጣው ደርሶ ባይነሳስ?

በዚያች ሌሊት በነበረው ጨዋታ አዛውንቱ ሌላም ነገር አስረድተዋል። ጭሱ ነጭ ሆኖ፣ ናፍጣው ደርሶ፣ ሞተሩ ግን የማይነሳ ከሆነ ወደ እምቅታ መሄድ ይገባል። የዘይት መሙያ ክዳን ተከፍቶ ሞተሩ ሲዞር በኃይል የሚተፋ ከሆነ የፒስቶን ቀለበቶች አልቀዋል ብሎ መጠርጠር ይቻላል። ሲዞር ድምፁ እኩል ካልሆነ፣ አንዴ ከበድ አንዴ ቀለል የሚል ከሆነም ከሲሊንደሮቹ አንዱ ደክሟል።

እምቅታ በመለኪያ ሲለካ የአገሩ ከፍታ መታሰብ አለበት። በ2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው የአየር ግፊት በባህር ጠለል ካለው 70 ከመቶ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ሞተሩ የሚያምቀው አየር ከመነሻው አነስተኛ በመሆኑ በበቆጂ የሚነበበው ቁጥር በመጽሐፍ ላይ ከተጻፈው ዝቅ ይላል። ይህን ያላወቀ ሰው ደህናውን ሞተር አልቋል ብሎ ሊፈርድበት ይችላል። ከቁጥሩ ይልቅ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለውን ልዩነት መመልከት ይሻላል።

መኪናው የቤንዚን ከሆነ መንገዱ ሌላ ነው። በዚያ ጊዜ መጀመሪያ የሚታየው እሳቱ ነው። ካንዴላው ተፈትቶ ሲታይ ደረቅ ከሆነ ቤንዚን አይደርስም፤ እርጥብ ከሆነ ደግሞ ቤንዚኑ ደርሶ እሳት አጥቷል ወይም በዝቶበታል። እሳት ከሌለ ፑንቲናውን ማጽዳትና ክፍተቱን ማስተካከል፣ ቦቢናውንና ሽቦዎቹን መመልከት ያሻል።

መደረግ የሌለባቸው

በእነዚያ ሦስት ቀናት ብዙ ምክር ተሰጥቶ ነበር። ከታንኩ ሥር እሳት ይነድ ያለ አለ። የሚነድ ጨርቅ ወደ አየር ማስገቢያው ይጠጋ ያለም አለ። እነዚህ ሁለቱም መኪናውንና መጋዘኑን አንድ ላይ ሊያቃጥሉ የሚችሉ ናቸው። የሚረጨው ማስነሻ ኤተርም ቢሆን ያለ ጊዜው ስለሚፈነዳ የፒስቶን ቀለበት ይሰብራል፤ የማሞቂያ ካንዴላ ባላቸው ሞተሮች ላይ ደግሞ ይበልጥ አደገኛ ነው። ለዚህ መኪናም የጎደለው ናፍጣ ስለነበር ኤተር አያድነውም ነበር።

በትራክተር ጎትቶ ወይም በቁልቁለት ለቆ ማስነሳትም ተሰንዝሮ ነበር። እንዲህ ያለው ከባድ መኪና ፍሬኑ በአየር የሚሠራ መሆኑን መርሳት አይገባም። ሞተሩ ካልሠራ አየር አይሞላም፤ አየር ከሌለ ፍሬን የለም። 70 ኩንታል ጭኖ ቁልቁለት የወረደ መኪና ሞተሩ ባይነሳ የሚያቆመው ነገር አይኖርም።

ቅዳሜ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ አባላቱ እንደገና ተሰበሰቡ። ውርጩ ያው ነው። አዛውንቱ ጭስ ማውጫው ዘንድ ቆሙ። ሾፌሩ የእጅ ፖምፓውን ሲሞክረው እጀታው በሁለተኛው ግፊት ጠነከረ። ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ አራት ወይም አምስት ዙር ያህል ዞሮ ተነሳ። ነጭ ጭስ ጥቂት ወጣ፤ ሲሞቅ ጠራ። የአየር ፍሬኑ መለኪያ እስኪሞላ ሩብ ሰዓት ቆሞ፣ 70 ኩንታሉን ይዞ ወደ አሰላ አመራ። ከቀኑ 5 ሰዓት ላይ ገብሱ ተመዝኖ መግባቱ በስልክ ተነገረ።

ማህበሩ ሊወያይበት የነበረው አጀንዳ ተለውጦ ሦስት ነገሮች ተወስነዋል። አንደኛ፣ በመኪናው ውስጥ ደብተር ተቀምጦ የተፈታ፣ የታሰረ፣ የተቀየረ ነገር ሁሉ ከነቀኑ ይጻፋል። ሁለተኛ፣ በየሳምንቱ የፊልትሮው ውኃ በጠርሙስ ይታያል፤ ታንኩም ማታ ማታ ይሞላል። ሦስተኛ፣ ከአባላት ልጆች ሁለቱ በአዛውንቱ ሥር ሙያውን እንዲማሩ ይደረጋል።

በየገጠሩ እንዲህ ያሉ አሮጌ የጭነት መኪናዎች፣ ትራክተሮችና የናፍጣ ወፍጮዎች ብዙ ናቸው። የሁሉም ሞተር አሠራር አንድ ነው። ሞተሩ ዞሮ አልነሳ ሲል ከመሸጥና ከማውረድ በፊት ቁልፉን አውጥቶ፣ ጭሱን አይቶ፣ ናፍጣውን ከታንኩ ጀምሮ መከተል ይገባል። ያን የአጥር ሽቦ ሊቀ መንበሩ በመጋዘኑ በር ምስማር ላይ ሰቅለውታል። ወደዚያ የሚሄድ ሰው ዛሬም ሊያየው ይችላል።